ስምንት ወር ከባለ ስድስት ቀዳዳ ቫልቭ ጋር

ይህን በላብራቶሪ ፈሳሽን ከመስመር ወደ መስመር የሚቀያይር፣ በመዞር የሚሠራ ባለ ስድስት ቀዳዳ ተሽከርካሪ ቫልቭ የገዛሁት በሶሌኖይድ ቫልቮቼ ተማርሬ ነው። ስምንት ወር ሆነው፤ የማልነካው ቀን የለም ማለት ይቻላል።

ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔቱ ዘንጉን ስቦ መንገድ ይከፍታል፣ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ መልሶ ይዘጋል። ፈጣን ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። ግን ክፍት እስከሆነ ድረስ ጥቅልል ሽቦው ይሞቃል፤ ሙቀቱም ወደ ፈሳሹ ይገባል። እኔ የምሠራው ከኢንዛይም ጋር ነው። ረዘም ያለ ሙከራ በሠራሁ ቁጥር ንባቡ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ሲያስቸግረኝ ጥፋቱን ከኢንዛይሙ ነበር የምፈልገው፤ አንድ ቀን ቫልቩን በእጄ ብነካው ትኩስ ነው። በነገራችን ላይ፣ ለመክፈት ሙሉ ቮልቴጅ ሰጥቶ ከዚያ ዝቅ የሚያደርግ ሰርኪዩት ቢገባለት ሙቀቱ በጣም ይቀንሳል፤ ከፍቶ ለመያዝ የሚበቃው ጉልበት ለመክፈት ከሚያስፈልገው ያነሰ ነውና።

የተሽከርካሪው ቫልቭ ሞተር የሚሠራው ቦታ ሲቀይር ብቻ ነው። ስለዚህ አይሞቅም። ይህ ሌላ ጣጣ አለው፦ መብራት ድንገት ሲጠፋ የእኔ ሶሌኖይዶች ይዘጋሉ፣ ይሄኛው ግን ባለበት ይቀራል። ክፍት ከነበረ ክፍት ነው።

ውስጡ ሁለት የተጋጠሙ ፊቶች አሉ። ስታተሩ አይንቀሳቀስም፤ ስድስቱ ቀዳዳዎች እሱ ላይ ናቸው። ሮተሩ ደግሞ ሦስት ትንንሽ ቦዮች አሉት፤ 60 ዲግሪ ሲዞር ቀዳዳዎቹን በሌላ ጥምረት ያገናኛል። በአንደኛው ቦታ ናሙናው ሉፑን፣ ማለትም መጠኑ የታወቀውን ትንሽ የናሙና መያዣ ቱቦ፣ ይሞላል፣ ትርፉ ወደ ቆሻሻ ይወጣል፤ በሁለተኛው ፓምፑ ሉፑ ውስጥ ያለውን ጠርጎ ይወስደዋል። የእኔ ሉፕ 20 ማይክሮሊትር ነው። ሲሪንጁን የሚገፋው ማንም ይሁን ማን፣ ሉፑን አትረፍርፎ እስከሞላ ድረስ የሚሄደው መጠን አንድ ነው። የወደድኩት ይህን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲዞር ለቅጽበት ሁሉም መንገድ ይዘጋል፤ ፓምፑ እየገፋ ከሆነ ግፊቱ ይዘላል። በዝግታ እንዲዞር አታድርጉት።

በአምስተኛው ወር ማንጠባጠብ ጀመረ። አርብ ማታ የጨው መፍትሔ ውስጡ ትቼ ሄጄ ነበር። ሰኞ ስመለስ መገጣጠሚያው ዙሪያ ነጭ የጨው ቀለበት ሠርቷል፣ እኔም ሳላስበው ዝም ብዬ አዞርኩት። ፈትቼ ሮተሩን በአጉሊ መነጽር ሳየው ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው የምትደርስ ፀጉር የመሰለች ጭረት አለች። በዚያች ጭረት ነው ፈሳሹ ከመስመር ወደ መስመር ሲሾልክ የነበረው። ሮተሩን ብቻ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በንጹህ ውኃ አጥባለሁ፣ የሚገባውንም ሁሉ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፋለሁ፤ እስካሁን ጠብታ አላየሁም።

ሕዋስ ያለበት ፈሳሽ ግን በዚህ አላሳልፍም። ለእሱ ቱቦውን ከውጭ ቆንጥጦ የሚዘጋው ቫልቭ ይሻላል፤ ፈሳሹ ከቱቦው በቀር የሚነካው ነገር የለም፣ የሚያያዝበት ጥጋጥግም የለም። ቱቦው ግን የሚቆነጠጥበት ቦታ ላይ ይደክማል፤ አልፎ አልፎ ትንሽ ሳብ እያደረጋችሁ ቦታውን ቀይሩለት።

ናሙናዬ ተበትኖ ሲደርስ መጀመሪያ ቫልቩን ነበር የወቀስኩት። ቱቦዬን ስለካ የውስጥ ስፋቱ 0.5 ሚሊሜትር ነው፤ 10 ሴንቲሜትሩ ብቻ ወደ 20 ማይክሮሊትር ይይዛል፣ ማለትም ሉፑን ያህል። እኔ ደግሞ ግማሽ ሜትር ዘርግቼ ነበር፤ ናሙናው የተበተነው በዚያ ረጅም መንገድ ነው። አሳጠርኩት፣ ተስተካከለ።

የእኔ ስታተር ፒክ (PEEK) ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ብዙውን ይችላል፤ የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ግን ያጠፋዋል።

ሁለተኛ ልገዛ አስቤአለሁ። ለቆሻሻ መስመሩ ግን አይደለም፤ እዚያ ቢሞቅም የሚጎዳው ነገር ስለሌለ ሶሌኖይዱ ይበቃል።