የክፍል ድምፅ ለመያዝ የትኛው ማይክ ይገዛ? ባለ 1፣ ባለ 4፣ ባለ 19 ወይስ ባለ 32 ካፕሱል (ድምፅ ተቀባይ)

ድምፅ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ ቀድተው፣ በኋላ እንደነበረ መልሰው ለማሰማት ካሰቡ፣ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ይወስኑ። የሚቀዱት ድምፅ ይደገማል ወይስ አንዴ ብቻ ያልፋል?

የሚደገም ከሆነ፣ ለምሳሌ በስፒከር የመለኪያ ድምፅ እየለቀቁ የክፍሉን ምላሽ የሚለኩ ከሆነ፣ አንድ ማይክ ከቦታ ቦታ እያዞሩ መሥራት ይቻላል። ብዙ ሰው ሚኒዲኤስፒ ዩሚክ-1ን ይገዛል። በዩኤስቢ ይሰካል፣ የራሱ የካሊብሬሽን (የልኬት ማስተካከያ) ፋይልም አለው። ለዚህ ሥራ ግን አልመክረውም። የሚሠራው በራሱ ሰዓት ስለሆነ ድምፁን ከሚያወጣው ካርድ ጋር በጊዜ አይናበብም። እዚህ ደግሞ ድምፁ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የደረሰበት ቅጽበት ወሳኝ ነው። እንደ ቤሪንገር ኢሲኤም8000 ያለ በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የድምፅ ገመድ) የሚሰካ ማይክ ከጥሩ ሳውንድ ካርድ ጋር ይሻላል።

ማይኩ በሚቀመጥባቸው ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከድምፁ ሞገድ ርዝመት ግማሽ እንዳይበልጥ። ለ1,000 ኸርዝ ይህ 17 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 5 በ4 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል በዚህ ርቀት ሙሉ ይሸፈን ቢባል ከ12,000 በላይ ነጥብ ይፈልጋል! እስከ 200 ኸርዝ ብቻ ከሆነ ግን ወደ 120 ይወርዳል። ስለዚህ ይህ መንገድ የቤዝ (የወፍራም ድምፅ) ችግር ለሚያጠና ሰው ነው።

ቅዳሴ ወይም ኮንሰርት ግን ቆሞ አይጠብቅም። ያኔ ብዙ ካፕሱል የተደረደረበት ማይክ ያስፈልጋል። ሴንሃይዘር አምቤዮ ቪአር 4 ካፕሱል አለው፣ አንደኛ ደረጃ አምቢሶኒክስ ይሰጣል። አምቢሶኒክስ ድምፅን ከየአቅጣጫው የሚይዝ ዘዴ ነው፤ ደረጃው ከፍ ሲል አቅጣጫው ይበልጥ ይጠራል። 4 ቻናልና 48 ቮልት ፋንተም (በገመዱ ወደ ማይኩ የሚላክ ኃይል) ያለው መቅጃም ይፈልጋል። ዚሊያ ዜድኤም-1 በ19 ካፕሱል ሦስተኛ ደረጃ ይደርሳል፣ አንድ የዩኤስቢ ገመድ ይበቃዋል። አይገንማይክ ኢኤም32 በ32 ካፕሱል አራተኛ ደረጃ ነው፣ ዋጋው ግን ከዚሊያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ጥቅሙስ? የሰው ጭንቅላት በሚያህል ቦታ ውስጥ ድምፁ በትክክል የሚመለሰው በአንደኛ ደረጃ እስከ 600 ኸርዝ፣ በሦስተኛ እስከ 1,800፣ በአራተኛ እስከ 2,400 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ድምፁ ከየት እንደመጣ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከአምቤዮ ወደ ዚሊያ መሻገር በጣም ያዋጣል። ከዚሊያ ወደ አይገንማይክ ግን ለተመራማሪ ካልሆነ አልገፋፋም።

አድማጩ በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረ እንዲሰማ ከፈለጉ ደግሞ ካፕሱል መጨመር መፍትሔ አይሆንም። አንድ ማይክ በደንብ የሚያውቀው ዙሪያውን ብቻ ነው። ገንዘቡን በተለያየ ቦታ ለሚቆሙ ሁለት ሦስት ዚሊያዎች ያውሉት።