ቡና ሲቆላ ለሚደበቀው ውሻችን የደረሰችልን እህት

ሰላም ለሁላችሁ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምትኖሩ፣ ውሻ ያላችሁ ሐበሾች፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። ላመሰግናት የምፈልጋት፣ የሚፈሩ ውሾችን የምትረዳ እህት አለች፤ የምታስፈልጋችሁም ትኖራላችሁ ብዬ ነው።

ቡቺን ከካውንቲው የእንስሳት መጠለያ ነው ያመጣነው። ለምነው ያስመጡት ልጆቹ ናቸው። ሲመጣ ቡችላ አልነበረም፤ በፊት የት እንደኖረ የሚያውቅ የለም። ጨዋ ውሻ ነው። አይነክስም፣ በረባ ባልረባው አይጮህም። ቫኪዩም ሲነሳ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፣ ብሌንደር ሲጮህ ጆሮውን ያጥፋል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረውም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ቡና መቆላት እስክትጀምር ድረስ።

እማዬ ቡና ሳትቆላ አትውልም። የአፓርታማችን ወጥ ቤት ጠባብ ነው፤ የጭስ አላርሙም ከምድጃው ብዙ አይርቅም። ቡናው መጥቆር ሲጀምር አላርሙ ይጮሃል፣ እኛ ፎጣ ይዘን እናራግባለን። ቡቺ ያን ጊዜ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይንቀጠቀጣል። ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ደጋግሞ ያዛጋል። እያደር አላርሙ ባይጮህም መደበቅ ጀመረ። መጀመሪያ ጭሱ ሲሸተው። ቀጥሎ ቡናው ሲታጠብ። በኋላ ማንከሽከሻው ከቁም ሳጥን ሲወጣ ገና ይሰወራል። አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤቱን በር ሲቧጥጥ ጥፍሩን አደማው።

«እና እኔ ለውሻ ስል ቡና ልተው?» አለች እማዬ። ውሻ እንዴት ቤት ውስጥ ይኖራል የሚለው ክርክር ራሱ ገና አላለቀም ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገርነው አሠልጣኝ ሌላ ሰው ነው። ድምፁን እስኪለምደው ድረስ አላርሙ ሥር አስራችሁ አቁሙት አለን። ካልሆነ በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ቀበቶ እሸጥላችኋለሁ አለ። አመስግነን ስልኩን ዘጋን። አሜሪካ ውስጥ የውሻ አሠልጣኝ ለመሆን ፈቃድ እንደማያስፈልግ የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። ማንም ተነስቶ አሠልጣኝ ነኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ የምትቀጥሩትን ሰው «ውሻው ሲሳሳት ምን ታደርገዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ይህችን እህት ያገኘናት በጓደኛ ጥቆማ ነው። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምራ የመጣች ናት። እዚህ በሐኪምነት ለመሥራት ደግሞ ሌላ ፈተናና ፈቃድ ይጠይቃል። እስከዚያው ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ትሠራለች፣ በትርፍ ሰዓቷ ቤት ለቤት እየሄደች የሚፈሩ ውሾችን ታያለች።

ስልክ ስደውልላት ቶሎ ልምጣ አላለችም። ቡቺ ሲፈራ የሚያሳይ ቪዲዮ ላኩልኝ አለች። ቪዲዮውን አይታ «መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ በተለይ ጆሮውንና መገጣጠሚያውን» ብላ መለሰችኝ። ድምፅ ለሚፈራ ውሻ መገጣጠሚያ ምን አገባው? እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝና የብራዚል ተመራማሪዎች ያወጡትን ጥናት ነገረችኝ። ድምፅ የሚፈሩ 20 ውሾችን ነው ያዩት፤ ግማሾቹ የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረባቸው። ውሻው በድንገተኛ ድምፅ ሲደነግጥ ሰውነቱ ይወጠራል፤ የታመመው ቦታ ያን ጊዜ ያመዋል። ከዚያ ድምፁንና ሕመሙን ያገናኛቸዋል። ቡቺም ሲታይ የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ችግር ተገኘበት። መድኃኒት ታዘዘለት። እሷ ሥራዋን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ መሃል ያስከፈለችን ነገር የለም።

ቤት ስትመጣ ከውሻው በፊት ኮርኒሱን ነው ያየችው። «ይሄ አላርም ስንት ዓመቱ ነው?» ወንበር ላይ ወጥታ ጀርባውን ገልብጣ የተሠራበትን ቀን አነበበችልን። ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጭስ አላርም በ10 ዓመት መቀየር አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በባትሪ ብቻ የሚሠሩት የድሮዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ባትሪያቸው በታሸገና 10 ዓመት በሚቆይ፣ ድምፅ ማቆያ ቁልፍ ባለው ዓይነት እንዲተኩ ሕጉ ያስገድዳል። ለአከራዮቻችን ምን ብለን እንደምንጽፍም ነገረችን። ተቀየረልን። አዲሱ ሲጮህ ቁልፉን ጫን ስታደርጉት ለጥቂት ደቂቃ ዝም ይላል።

አላርሙን ለምን እንዳስቀደመች ስጠይቃት ስለ ጆሮ አስረዳችኝ። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ይሰማል፤ የውሻ ግን እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። አላርሙ ባትሪ ሲያልቅበት በየደቂቃው አንዴ ጢው ትላለች አይደል? ለእኛ ማሰልቸት ብቻ ናት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት እንዳገኘው፣ እንዲህ ያለው ቀጭንና የሚቆራረጥ ድምፅ ውሻን የሚያስጨንቀው እንደ ቫኪዩም ካለው ወፍራምና ተከታታይ ድምፅ በላይ ነው። ባለቤቶችም የውሻቸውን ፍርሃት አሳንሰው ያያሉ ይላል። ቡቺ ከቫኪዩም ዘወር ብሎ ብቻ እያለፈ በአላርሙ የሚርበደበደው ለዚህ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በየቤታችን ቡና ሲቆላ አላርሙን በፌስታል መሸፈን፣ ባትሪውን ማውጣት የተለመደ ነው። እህታችን በዚህ ጉዳይ አትደራደርም። ውሻው የሚድነው ቤተሰቡ ከተረፈ ነው ትላለች።

ዋናው ሥራ የማንከሽከሻው ነው። ቡቺ የሚፈራው አላርሙን ብቻ አልነበረም፤ ወደ አላርሙ የሚያደርሰውን ነገር ሁሉ ተራ በተራ ተምሮታል። እሷም ከዚያው ጫፍ ጀመረች። ማንከሽከሻው ከቁም ሳጥን ይወጣል፣ ቡቺ ዶሮ ይበላል፣ ማንከሽከሻው ይመለሳል። ቡና የለም፣ እሳት የለም። እሱን ሲለምድ ጥሬው ቡና በቀዝቃዛ ማንከሽከሻ ይንሿሿል፣ ዶሮ። ከዚያ ምድጃው ይለኮሳል፣ ዶሮ። ለብቻው ደግሞ የአላርሙ ድምፅ በስልክ ተቀድቶ፣ እኛ እንኳን በማንሰማው መጠን እየተከፈተ። ቅደም ተከተሉ ላይ በጣም ትቆጣጠራለች፦ መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ዶሮው። ዶሮው ከቀደመ ውሻው ዶሮን ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። ከንፈሩን ከላሰ ወይም ካዛጋ ደግሞ ተርቧል ወይም እንቅልፉ መጥቷል ማለት አይደለም፤ ጨንቆታል ማለት ነው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።

ዶሮው ጉዳይ ላይ እማዬ ዝም አላለችም። «ዶሮ! ለውሻ! በአዘቦት ቀን!» እህታችን ሳትስቅ «እማማ፣ የእርስዎን ቡና ለማስመለስ ነው» አለቻት። ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። እማዬ እንደውም ወጥ ላድርግለት አለች፤ እሱ ግን አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። ያለ ጨው የተቀቀለ ዶሮ፣ በትንንሹ ተቆርጦ፣ በቃ።

እኔ ይህችን ልጅ ከሁሉ በላይ የወደድኳት በዚህ ነው። ሌላ ባለሙያ ቢሆን «ቡና መቁላት አቁሙ፣ የተፈጨ ግዙ» ብሎ ይሄድ ነበር። እሷ ቡና ለእናቴ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳት ታውቃለች። በየቀኑ ልምምዱን የምትሠራው እማዬ ስለሆነች ያስተማረችውም እሷን ነው፣ በአማርኛ፣ በእርጋታ፣ አቦል ቶና በረካው እስኪጠጣ ቁጭ ብላ። እማዬ ስለ ውሻ ከሰው ምክር ስትቀበል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ሌላው ደግሞ፣ ውሻ ሲፈራ አታባብሉት፣ ፍርሃቱን ታስለምዱታላችሁ የሚል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ትክክል አይደለም አለችን። ፍርሃት ስሜት ነው፤ ስለተደባበሰ አይብስበትም። መጥቶ ከተጠጋችሁ አቅፉት፣ ልሸሸግ ካለ መንገዱን አትዝጉበት። እማዬ አሁን እጇን በነጠላዋ ሸፍና «አይዞህ፣ አይዞህ» እያለች ትደባብሰዋለች። በባዶ እጅ ግን ገና ነው።

ውጤቱን ሳላጋንን ልናገር። ቡና ይቆላል። ማራገቢያው ይከፈታል፣ መስኮቱም። ቡቺ ማንከሽከሻው ሲወጣ ምንጣፉ ላይ ሄዶ ቁጭ ይላል፣ ዶሮውን እየጠበቀ። አላርሙ ከጮኸ ግን ዛሬም ይነሳል፣ መታጠቢያ ቤት ይገባል፤ ልዩነቱ በቶሎ ይመለሳል። ለጁላይ 4 ርችት ግን ልምምዱ ምንም አልረዳውም። «እሱ በእኔ ልምምድ የሚሆን አይደለም፣ ሐኪሙ መድኃኒት ይዘዝለት» ብላ አስቀድማ ነግራን ነበር። ታዘዘለት፣ ሌሊቱን ባይተኛም አልቧጠጠም።

ለማን እንደማትሆን ልንገራችሁ። በሳምንት ይለቅልኝ ለሚል ሰው አትሆንም። የሚናከስ ውሻ ካላችሁም አትቀበልም፤ በባሕርይ ሕክምና ስፔሻላይዝ ወዳደረጉ የእንስሳት ሐኪሞች ትልካችኋለች። ዋጋዋ ርካሽ የሚባል አይደለም፣ ግን በየጉብኝቱ ነው የምትቀበለው፤ ጥቅል አትሸጥም፣ የምትሸጠው ዕቃም የላትም። አንዴ ልትመጣ ስትል «የለም፣ እማማ በደንብ ይዘውታል፣ ገንዘባችሁን አታውጡ» ብላ ቀርታለች።

እህታችን፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ፈተናሽንም ያቅልልሽ።

ስልኳ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች እዚህ አላስቀምጥም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ወረፋ አለ፤ የሥራ ቀን ማታ ይሻላል። የውሻችሁን ዕድሜ፣ ምን ድምፅ እንደሚፈራና መቼ እንደጀመረው ጻፉልኝ፣ አጭር ቪዲዮም ካላችሁ አያይዙ። ሐኪም አይቶት ካላወቀ ቀጠሮውን ከአሁኑ ያዙ፤ እሷ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።