በጣና ዳር ያለች የልጆች መጽሐፍ ማከራያ፤ የአስማትና የዘመን ጉዞ መደርደሪያዋ እንዴት ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ለልጁ የአስማትና የዘመን ጉዞ ልብ ወለድ ፈልጎ ባዶ እጁን የተመለሰ ወላጅ ጥቂት አይደለም። አጋዥ መጽሐፍ በየጽሕፈት መሣሪያ ቤቱ ተደርድሯል፤ ተረትም አይጠፋም። ልጆች በአንድ በር ገብተው በሌላ ዘመን የሚወጡበት ረዘም ያለ ታሪክ ግን እንኳን በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛም ሲገኝ ዋጋው አይቀመስም። ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ በሚወርደው በኩል የተከፈተችው ጠባብ ማከራያ ይህን ክፍተት ልሙላ ብላ የተነሣች ናት። ታፔላ የላትም፤ ምልክቷ በሯ ላይ የተንጠለጠለች፣ ክንድ የማትሞላ የደንገል ታንኳ ናት። በባጃጅ ሲያልፉ ስለማትታይ በእግር ወይም በብስክሌት መሄድ ይሻላል።

አሠራሯ ቀላል ነው። መጀመሪያ 200 ብር መያዣ ይከፈላል፤ ደንበኝነቱ ሲቋረጥ ይመለሳል። ከ100 ገጽ በታች የሆነ መጽሐፍ በሳምንት 15 ብር፣ ከዚያ የወፈረው 30 ብር ይከራያል። በአንድ መያዣ ሁለት መጽሐፍ ይወሰዳል፤ ቀን ያሳለፈ በቀን 3 ብር ይጨምራል። የአስማቱና የዘመን ጉዞው በስተግራ ያሉት ሁለት ረድፎች ናቸው። አብዛኞቹ ትርጉም፣ ጥቂቶቹ ወጥ የአማርኛ ሥራ፣ የቀሩት ቀለል ያለ እንግሊዝኛ ናቸው።

ይህችን ቤት ከሌላ ማከራያ የሚለያት በየመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ የተለጠፈው ካርድ ነው። አከራይዋ እያንዳንዱን መጽሐፍ ራሳቸው አንብበው አራት መስመር በእርሳስ ይጽፉበታል። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜ፦ ከ9 በላይ። የሚሄዱበት፦ 1961 ዓ.ም.፤ መጽሐፉ 1969 ይላል። ሕጉ፦ ያለፈው አይለወጥም። ተከታይ፦ አለው፣ 2ኛው እኛ ጋ የለም።» በእርሳስ የሆነው ልጆች ስህተት ሲያገኙ ተፍቆ እንዲታረም ነው፤ የተፋቀ ካርድም ብዙ አለ።

ሁለተኛዋ መስመር ትንሽ ትመስላለች፤ የዘመን ጉዞ ትርጉም በብዛት የሚበላሸው ግን እዚያው ላይ ነው። በዚያ መጽሐፍ ልጆቹ መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ወደሚያርፍበት ቀን ይሄዳሉ። ተርጓሚው የፈረንጁን 1969 እንዳለ አስቀምጦታል። የእኛ ልጅ 1969 ሲል የሚያስበው ደርግን ነው። ነገሩ የሆነው ግን ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ገና በጃንሆይ ጊዜ ነው። ልጁ ቤት ሄዶ «አያቴ፣ በደርግ ጊዜ ሰው ጨረቃ ላይ ሲወጣ አይተዋል?» ብሎ ሲጠይቅ አያትየው ግራ ይጋባሉ፤ ከሁለት አንዳቸው ተሳስተዋል፤ ጥፋቱ ግን የሁለቱም አይደለም። ተርጓሚ 8 መቀነስ ብቻ አይበቃውም፤ ወሩንም ማየት አለበት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8 ይሆናል። ሌሎች ታሪኮች በአንድ ዓመት ቢዛነፉ ችግር የለውም። ቁልፉ በዓመተ ምሕረት ላይ የተሠራ እንቆቅልሽ ግን አንድ ዓመት ሲስት ፍቺው ጭራሽ አይመጣም።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። የዘመን ጉዞው በር የሚከፈተው «ሌሊት 12 ሰዓት ላይ» ነው የሚሉ ሦስት ትርጉሞች መደርደሪያው ላይ አሉ። ለእኛ 12 ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ወፍ ይንጫጫል፣ የቅዳሴ ደወል ይሰማል፣ ታንኳ ቀዛፊው ሐይቁ ላይ ነው። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ተደብቀው ሊያልፉ የነበሩት ልጆች በብርሃን ተጋልጠው ይቆማሉ። «6 ሰዓት» ብሎ መቀየሩም አያድንም፤ ምክንያቱም የታሪኩ ሰዓት 12 ጊዜ መደወል አለበት፤ ልጆቹ የሚቆጥሩት ደወሉን ነው። ጥሩው አካሄድ ከአራተኛው ትርጉም ይገኛል፦ «እኩለ ሌሊት ሆነ። ሰዓቱ አሥራ ሁለቴ ደወለ።» ጊዜውም በቦታው፣ ደወሉም በቁጥሩ ይቀመጣል። የቀሩት ሦስቱ ካርዳቸው ላይ «12 ሲል እኩለ ሌሊት ብለህ አንብብ» የሚል ማሳሰቢያ አለባቸው። ማንበብ ለጀመረ ልጅ ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ስለ አስማቱ ቃል አጠቃቀም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ወላጅ መጽሐፉን ገልጦ የሚያኮርፈው እዚህ ላይ ነውና። ጥንቆላ፣ መተት፣ ምትሃት፣ አስማት አንድ አይደሉም። ጥንቆላ የተሰወረ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ሥራ ነው፤ መተት ሰውን ለመጉዳት የሚደረግ ነው፤ ምትሃት ያልሆነውን ሆኖ ማሳየት ነው። ልጆቹን የሚረዳውን ደግ ሽማግሌ «መተተኛው» እያለ የተረጎመ አንድ መጽሐፍ አለ። ልጁ እስከ መጨረሻው ገጽ ሽማግሌው የሚከዳበትን ቀን ሲጠብቅ ይቆያል፤ የደራሲው ሐሳብ ከነጭራሹ ጠፍቷል። አስማት የሚለው ቃል ግን ከግእዙ «ስም» የመጣ ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። የፍጡሩን እውነተኛ ስም ያወቀ ያዝዘዋል በሚል ሕግ ላይ የቆመ ታሪክ በአማርኛ ሲነበብ ቃሉ ራሱ ምስጢሩን ተሸክሞ ይመጣል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አለ፤ ከቤቱ ሁሉ ቀድሞ መወሰድ ያለበት እሱ ነው። ሽፋኑ ሰማያዊ ሆኖ ጠርዙ ተልጧል።

ሌላው ጆሮ የሚያቆስለው አንተ እና እርስዎ ነው። የ11 ዓመት ልጅ የ300 ዓመት ሽማግሌ ፊት ቆማ «አንተ ማነህ?» ትላለች። እዚህ አገር ልጅ የማያውቃቸውን አረጋዊ እንዲህ አይልም፤ አባ ወይም አባባ ብሎ እርስዎ ይላል፤ ገጠር ከሆነም አንቱ ይላል። ልጅቷ ባለጌ ሆና እንድትታይ ደራሲው አልፈለገም። ከወጥ የአማርኛ ሥራዎቹ መካከል ይህን በብልሃት የተጠቀመበት አለ፦ ልጁ በድሮ ዘመን ጎንደር ሲደርስ ማንነቱ የሚታወቀው በልብሱ ሳይሆን ሊቀ ካህናቱን ከጓደኛው እኩል «አንተ» ብሎ በመጥራቱ ነው። ሕዝቡ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ መሮጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛዋ መስመር፣ ወደ ሕጉ። የዘመን ጉዞ ታሪክ በአብዛኛው ከሦስት ሕጎች አንዱን ይይዛል። አንደኛው ያለፈው አይነካም ይላል፤ ልጆቹ ምንም ቢያደርጉ የሆነው ነው የሚሆነው፣ የእነሱ መምጣትም ድሮውኑ የታሪኩ አካል ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ያለፈው ይለወጣል፣ ዋጋ ግን ያስከፍላል ይላል። በሦስተኛው፣ ያለፈው በተለወጠ ቁጥር ሌላ ዓለም ይበቅልና የድሮው በጎኑ ይቀጥላል። ሦስቱም ደህና ናቸው። የሚያበላሸው ደራሲው ልጆቹን ማዳን ሲያቅተው መሐል ላይ ሕጉን ሲለውጥ ነው። ከ9 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንደኛው ይመረጣል፤ ክሩ አንድ ስለሆነ አይጠፋውም። ሦስተኛው 11 ሳይሞላ ያሰለቻል።

መጽሐፉን እዚያው ቆሞ መፈተሽ ይቻላል፦ ልጆቹ የሚመለሱበትን ምዕራፍ ገልጦ «ቤት ሲደርሱ ስንት ሰዓት ሆኗል?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ እዚያ ገጽ ላይ ከሌለ ደራሲውም አላሰበበትም። በእኛ ዘንድ የዚህ ጥያቄ አያያዝ ጥንታዊ ምሳሌ አለው። ተረፈ ባሮክ በሚባለው መጽሐፍ አቤሜሌክ በለስ ይዞ ሲመለስ ጥቂት ልረፍ ብሎ ጋደም ይልና 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ ከተማዋን አያውቃትም፤ በቅርጫቱ ያለው በለስ ግን እንደ ትኩስነቱ ነው። ስንት ዘመን እንዳለፈ የሚያስረዳው ረጅም ንግግር ሳይሆን ያ በለስ ነው። በመደርደሪያው ላይ ካሉት ጥሩ ጥሩዎቹ እንደዚያው አንድ ዕቃ ይዘው ይመለሳሉ፤ ደካሞቹ ሁለት ገጽ ያብራራሉ።

ስለ መጻሕፍቱ ይዞታ የሚመሰገነውም የሚወቀሰውም አለ። የሐይቁ እርጥበት በክረምት በሙጫ የተጣበቀውን ጥራዝ ያላቅቀዋል። አከራይዋ የላላውን በወስፌ ሦስት ቦታ በስተው በክር ሰፍተው በላስቲክ ይሸፍኑታል። አሠራሩ ጠንካራ ነው፤ ቀዳዳው ከጠርዙ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ በገባባቸው ላይ ግን የመስመሩ መጀመሪያ ተውጧል፤ መጽሐፉን በግድ ለመክፈት የታገለ ልጅም ወረቀቱን ይቀደዋል። የራሰ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ መስጣት ወረቀቱን ያንሻፍፈዋል፤ በየ20 ገጹ ጋዜጣ አስገብቶ ክብደት ጭኖ ጥላ ውስጥ ማሳደር ነው።

ወቀሳው በፎቶ ኮፒዎቹ ላይ ነው። ወደ ስምንት የሚሆኑ አሉ። ደራሲውን መጉዳቱ ሳይበቃ ገጽ ይጎድላቸዋል። በሌላ ልብ ወለድ አንድ ገጽ ቢጠፋ ይገመታል፤ በዘመን ጉዞ ግን በ14ኛው ገጽ ላይ የወደቀች ቁልፍ በ160ኛው ላይ ስትነሣ ነው ሁሉም የሚገጥመው። ተከታታዮቹም ጎዶሎ ናቸው። ከሁለት ተከታታይ 1ኛው ቅጽ የለም፤ እንዲህ ያለውን ከ2ኛው መጀመር አይመከርም፣ ምልክቶቹ የተዘሩት በመጀመሪያው ነውና።

ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል በነጻ ጮክ ብሎ ማንበብ አለ፤ በአንድ ቅዳሜ አንድ ምዕራፍ። መቀመጫው 12 ልጅ ነው የሚይዘው። ምንባቡ ሲያልቅ አንድ ትልቅ ደብተር ይዘረጋና ልጆቹ ተራ በተራ የራሳቸውን ታሪክ ይቀጥሉበታል። ከመደርደሪያው መጻሕፍት በብዙዎቹ ላይ የማይገኝ ነገር እዚያ ደብተር ላይ አለ። አሁን የተያዘው ታሪክ በር የሚከፍተው በጳጉሜ 6 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ። ወንድምና እኅት በደንገል ታንኳ ወደ ክብራን ገብርኤል ሲቀዝፉ ፋሲል ዘመን ይደርሳሉ። ገዳሙ ሴት ስለማይገባበት እኅትየው ታንኳዋ ላይ ትቀራለች። ደንገል ደግሞ ውኃ ይመጥጣል፤ በቆየ ቁጥር ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ካልደረቀ ይሰጥማል። እሷ እግሯ ሥር ውኃው ሲጨምር እያየች መቼ መጮህ እንዳለባት ትወስናለች፤ ወንድሟ ላይ ገዳሙ ውስጥ እያለ የሚያልፈውን ጊዜ አያውቅም። ባለፈው የተጻፈው መስመር እንዲህ ነው የቆመው፦ «ውኃው ቁርጭምጭሚቴን አለፈ፤ እስካሁን ሦስቴ ተጣራሁ።»

ቦታ ለመያዝ ከ7 ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ ያስፈልጋል። ሰማያዊ ሽፋን ያለውን መጽሐፍ የፈለገ ሰኞ ጠዋት ይሂድ፤ የቅዳሜ ተከራዮች የሚመልሱት ያኔ ነው።