ሐዋሳ መንገድ ዳር የሚሸጠው አደስ፦ ችግኙ ጥሩ፣ አተካከሉ መጥፎ

ሐዋሳ ውስጥ መንገድ ዳር የሚሸጠውን የአደስ ችግኝ ሳታመነቱ ግዙ። አብሮት የሚቀርበውን የሲሚንቶ ማሰሮ ግን ገልብጣችሁ ቀዳዳ እንዳለው ሳታዩ አትቀበሉ።

መጀመሪያ አደስ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ቅጠል ቀንጥሳችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት፤ በመርፌ የተበሳሳ ይመስል ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። መዓዛው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በጣት ሲታሽ ያ ለጠጉር ቅቤ የሚፈለገው ሽታ ካልወጣ ተዉት። አደስ ቀስ ብሎ የሚያድግ ቁጥቋጦ ስለሆነ በቁመት አትምረጡ፤ ከረጅሙና ከቀጭኑ ይልቅ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ያወጣው አጭሩ ይሻላል።

ሻጮቹ «ተክለን እንስጣችሁ» ካሉ እምቢ በሉ፤ አፈሩን ጠቅጥቀው ነው የሚተክሉት። በተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ ውሃ ሲቋጥር ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ችግኙን በጥቁር ፕላስቲኩ እንዳለ ወስዳችሁ ራሳችሁ ትከሉት። ማሰሮው ከነአፈሩ ከወጣው ሥር 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ፤ ከዚያ ካለፈ ሥር ያልደረሰበት አፈር ረጥቦ ይቆያል። ድብልቁ 2 እጅ ለም አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ 1 እጅ ደግሞ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ (ቀላል፣ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ) ነው። ፑሚሱን በወንፊት ንፉና ሽንብራ የሚያክለውን ብቻ ውሰዱ፤ ዱቄቱ ከገባ የአፈሩን ቀዳዳ መልሶ ይደፍናል። ዙሪያውን የተጠማዘዘውን ሥር በጣት ፍቱት። ግንዱን ቀድሞ ከነበረበት ጠልቆ እንዳይቀበር ተጠንቀቁ።

በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝበት በረንዳ ይበቃዋል። ውሃውን በጣት ለኩ፦ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ደረቅ ከሆነ በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጡ፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን ድፉ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከረገፈና አፈሩ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል። ደርቆ ከተንኮሻኮሸ ግን ተጠምቷል፤ በበጋ ነፋስ ይህ በጥቂት ቀን ይደርሳል።

ጉንዳን ግንዱ ላይ ከተመላለሰ የቅጠሉን ጀርባ እዩ። ቡናማ ቅርፊት የመሰለ ነገር ተለጥፎ ካገኛችሁ ተባይ ነው፤ ሳሙና ባለው ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት።

ቅጠል ስትፈልጉ አትሸምጥጡ። ከቅጠል ጥንድ በላይ ጫፉን ቁረጡት፤ ከዚያው ቦታ ሁለት ቀንበጥ ያወጣል።