ድርሻ የማይጠይቅ፣ ግን የማይቸኩል ገንዘብ፦ የኤን አይ ኤች የአነስተኛ ኩባንያዎች የምርምር ድጋፍ

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በአጭሩ ኤን አይ ኤች፣ ኤስ ቢ አይ አር እና ኤስ ቲ ቲ አር በሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለአነስተኛ ኩባንያዎች ይሰጣል። ብድር ስላልሆነ አይመለስም። መንግሥት አክሲዮን አይወስድም፤ ግኝቱ በወቅቱ ሪፖርት እስከተደረገ ድረስ ፓተንቱም የኩባንያው ነው። መድኃኒት፣ የምርመራ መሣሪያ ወይም የሕክምና ሶፍትዌር ለሚሠራ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ገንዘብ ማግኘት ይከብዳል። የሚያስከፍለው ትዕግሥት ነው፤ ዘጠኝ ወር ያለዚህ ገንዘብ መቆም የማይችል ኩባንያ ባይሞክረው ይሻላል።

ኤስ ቢ አይ አር እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን ሁለቱንም ፕሮግራሞች ኮንግረስ በየጊዜው ያድሳቸዋል። የ2022ቱ ማራዘሚያ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ብቻ ነበር፤ ስለዚህ አንድ መስመር ከመጻፍ በፊት ጥሪው ክፍት መሆኑን ማየት ግድ ነው። የተለመዱት የማመልከቻ ቀናት ጃንዋሪ 5፣ ኤፕሪል 5 እና ሴፕቴምበር 5 ናቸው። በሩ የሚዘጋው በአመልካቹ አካባቢ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት፣ አሜሪካኖቹ 5 ፒኤም በሚሉት ላይ ነው።

ድጋፉ በምዕራፍ ተከፍሎ ይሰጣል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሐሳቡ የሚሠራ መሆኑን ማሳያ ነው፤ በ2024 መመሪያ ጣሪያው ወደ 314,000 ዶላር ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 2.1 ሚሊዮን ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፦ በጀቱ ውስጥ 7% ድረስ ትርፍ መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ያንን ገንዘብ ኩባንያው እንደፈለገ ያውለዋል፣ ለጠበቃ ለፓተንት ማስመዝገቢያም ጭምር። አለመጠየቅ ሞኝነት ነው።

ኩባንያው ከ500 ያልበለጠ ሠራተኛ ያለው፣ በአሜሪካ የተመዘገበና ለትርፍ የሚሠራ መሆን አለበት። ድርሻውም በዋነኛነት ከ50% በላይ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ባላቸው ሰዎች እጅ መሆን ይጠበቅበታል። በሥራ ቪዛ ያለ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ዋና ተመራማሪ ሊሆን ይችላል፤ አብላጫውን ድርሻ ግን ብቻውን ሊይዝ አይችልም። በኤስ ቢ አይ አር ዋናው ተመራማሪ ከግማሽ በላይ ጊዜውን ለኩባንያው መሥራት አለበት። ከዩኒቨርሲቲ ደመወዙ መላቀቅ ለማይፈልግ ኤስ ቲ ቲ አር ይሻላል፦ ቢያንስ 40% ሥራው በኩባንያው፣ 30% ደግሞ አጋር በሆነው የምርምር ተቋም፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲው፣ ይሠራል። የእኛን ሰው ደጋግሞ የሚያሰናክለው ሌላ ነው። ሥራው በአሜሪካ ምድር መሠራት አለበት፤ ጎንደር ወይም ጅማ ካለ ሆስፒታል የሕሙማን ናሙና ለመሰብሰብ የታሰበ ዕቅድ፣ እጅግ ጠንካራ ምክንያት ካልቀረበለት በቀር፣ አያልፍም።

ማመልከቻዎች ገምጋሚ እጅ ሳይደርሱ የሚሞቱት ምዝገባ ላይ ነው። ሳም (የፌዴራል መንግሥቱ የድርጅቶች መዝገብ)፣ ግራንትስ (የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ ድረ ገጽ)፣ ኢራ ኮመንስ (ኤን አይ ኤች ማመልከቻዎችን የሚከታተልበት ሥርዓት) እና የአሜሪካ አነስተኛ ንግድ አስተዳደር የኩባንያዎች መዝገብ የየራሳቸው አካውንት ይፈልጋሉ። ቢያንስ ስድስት፣ ከተቻለ ስምንት ሳምንት አስቀድሞ በሳም መጀመር ነው፤ ባለ 12 ፊደልና ቁጥሩ የኩባንያ መለያ የሚገኘው እዚያ ነውና። ሳም የኩባንያውን ስምና አድራሻ ከሰነድ ጋር ያመሳክራል። በክፍለ ግዛቱ ምዝገባ ላይ አንድ ዓይነት፣ በግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ ሌላ ዓይነት የተጻፈ ስም፣ ወይም በቦታ አድራሻ ፈንታ የገባ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ፋይሉን ለሳምንታት ያስቀምጠዋል። ምዝገባው በየዓመቱ መታደስም አለበት።

ጽሑፉ ላይ ዕጣውን የምትወስነው የዓላማዎች ገጽ ናት፤ አንድ ገጽ ብቻ። ስድስት ገጹን የምርምር ዕቅድ በጥንቃቄ የሚያነቡት ሁለት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ከዚያች ገጽ አልፎ የማይሄድ የገምጋሚዎች ጉባኤ አባል ግን ብዙ ነው። ለምሳሌ ደም ሳይወስድ የደም ማነስን የሚለይ መሣሪያ እንውሰድ። «ዓላማ 1፦ ሴንሰሩን መሥራት፤ ዓላማ 2፦ ሴንሰሩን መፈተሽ» ብሎ የጻፈ ተሸንፏል፤ የመጀመሪያው ከወደቀ ሁለተኛው የለማ። ደግሞም መቼ ተሳካ እንደሚባል አልተነገረም። «የመሣሪያው ንባብ ከላቦራቶሪው ሄሞግሎቢን ውጤት ከ1 ግራም በዴሲሊትር በላይ አይራራቅም» የሚል ቁርጥ ያለ መለኪያ፣ ናሙናው ለምን ያን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ስሌት፣ ካልሠራስ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ እነዚህ ሲኖሩ ገምጋሚው ይረጋጋል። ገጿን ከማመልከቻው ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ ለኤን አይ ኤች የፕሮግራም ኃላፊ በኢሜይል ልኮ አስተያየት መጠየቅ ነጻ ነው፤ ከአገልግሎቱ ሁሉ ምርጡ ክፍል ይኸው ነው።

ግምገማው የሚሰጠው ነጥብ ከ10 እስከ 90 ሲሆን ትንሹ ነው የሚሻለው። ዝቅተኛ የተገመቱት ማመልከቻዎች ውይይት ሳይደረግባቸው፣ ያለ ነጥብ ይመለሳሉ፤ ያኔም የገምጋሚዎቹ ጽሑፍ ይደርሳል፤ በ37 ወራት ውስጥ አንድ ጊዜ አሻሽሎ መመለስ ይቻላል። ጥሩ ነጥብ ካገኙ በኋላ ተጨማሪ ሰነድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲመጣ ገንዘቡ የተገኘ የሚመስላቸው አሉ። ይፋዊው የሽልማት ማስታወቂያ እስኪወጣ ድረስ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ በዚያ ደብዳቤ ተማምኖ ሠራተኛ መቅጠር ኩባንያ ያዘጋል።

ገንዘቡም በአንድ ቼክ አይመጣም። ወጪ በወጣ ቁጥር ከክፍያ ሥርዓቱ እየተሳበ ነው፤ ስለዚህ የሰዓት መዝገብ የሚይዝና የፌዴራል ግራንት ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋል። በአንደኛውና በሁለተኛው ምዕራፍ መካከል ደግሞ ገንዘብ የለም፤ ክፍተቱ ወራት ይወስዳል። የመጀመሪያው ውጤት ገና ትኩስ ሳለ የሁለተኛውን ማመልከቻ መጻፍ የሚጀምር ኩባንያ ክፍተቱን ያሳጥራል። የመጨረሻው ሪፖርት እስኪያልቅ የሚጠብቅ ግን የቤት ኪራዩን ከየት እንደሚከፍል አስቀድሞ ያስብ።