የቬኒስ የቅንጦት ጉዞ ንጽጽር፦ ቤተ መንግሥት፣ ደሴት ወይስ ጸጥ ያለ ሰፈር?

ቬኒስ ውድ ናት ማለት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ለገዢ የሚጠቅመው ጥያቄ ያ ሁሉ ገንዘብ በትክክል ምን ይገዛል የሚለው ነው። ከመቶ በሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ በተሠራችው፣ ቲማቲምም ሆነ ሙሽራ፣ ሻንጣም ሆነ ሬሳ በጀልባ በሚጓጓዝባት በዚህች ከተማ ዋጋው የናረ ነገር ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ ከነባር ልማዶቿ መካከል እጅግ የሚያምሩት በሁለት ዩሮ ወይም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ለጫጉላ ወይም ወላጆችን ለማስደሰት ሦስት አራት ሌሊት ያሰበ ሰው የሚያድርበትን ቦታ፣ የሚሳፈርበትን ጀልባና ከሁሉም በላይ የሚሄድበትን ቀን ለየብቻ መዝኖ ቢወስን ይበጀዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም ስለሚለዋወጡ ከመነሣት በፊት መረጋገጥ አለባቸው።

መኝታው

የመጀመሪያው ምርጫ ካናል ግራንዴ በተባለው ታላቅ ቦይ ዳር የቆሙት፣ የመኳንንት መኖሪያ የነበሩት ሆቴሎች ናቸው። ግሪቲ ፓላስ የተሠራው በ1475 ሲሆን የቀድሞዋ የቬኒስ ሪፐብሊክ መስፍን የነበረው አንድሪያ ግሪቲ ኖሮበታል። አማን ቬኒስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተገነባው በፓላዞ ፓፓዶፖሊ ውስጥ ይገኛል፤ ያሉት 24 ክፍሎች ብቻ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች አንድ ሌሊት በሞቃቱ ወቅት ብዙ ጊዜ ከ1000 ዩሮ በላይ ያስወጣል፤ የሚከፈለውም ለአልጋው ሳይሆን ለመስኮቱ ነው። ማለዳ መጋረጃውን ሲገልጡ አትክልት የጫነው ጀልባ፣ ቆሻሻ የሚሰበስበው ጀልባና የሆቴሎችን አንሶላ የሚያመላልሰው ጀልባ ተከታትለው ሲያልፉ ማየት፣ ለእኔ ከአንድ ሙዚየም ጉብኝት ይበልጣል። ጉዳቱ ግን በዚያው ቤት ወደ ኋላ የሚያዩ ክፍሎችም መኖራቸውና ዋጋቸውም ቀላል አለመሆኑ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «የቦይ እይታ» ተብሎ በከፈልኩበት ክፍል መስኮቱ የተከፈተው እጅግ ጠባብ በሆነ የጓሮ ቦይ ላይ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ የጎረቤትን የልብስ ማስጫ ገመድ እነካ ነበር። ስለዚህ ቦታ ሲያዝ ክፍሉ በቀጥታ ካናል ግራንዴን የሚያይ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምርጫ ደሴት ነው። በጁዴካ ደሴት ጫፍ በ1958 የተከፈተው ቺፕሪያኒ በከተማዋ መሀል የማይታሰብ ሰፊ የአትክልት ስፍራና ትልቅ መዋኛ አለው፤ የሆቴሉ ጀልባም እንግዶችን በጥቂት ደቂቃ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አጠገብ ያደርሳል። ልጆች ላሉት ቤተሰብና ከሰው ግርግር መራቅ ለሚፈልግ ይህን የሚወዳደር የለም። ሆኖም ከእራት በኋላ በእግር ወደ መሀል ከተማ ወጣ ብሎ መዞር ስለማይቻል፣ ከተማዋን ከሩቅ እንደ ሥዕል እያዩ መመለስ ይመጣል። በአውሮፓ የብርድ ወራት ደግሞ ሆቴሉ ይዘጋል።

ሦስተኛው ምርጫ ካናሬጆ ወይም ዶርሶዱሮ በተባሉት ሰፈሮች ያሉ ትንንሽ ሆቴሎችና የኪራይ ቤቶች ናቸው። ዋጋቸው ከቤተ መንግሥቶቹ ጋር አይነጻጸርም፤ የከተማዋ ኑሮ የቀረውም በእነዚህ ሰፈሮች ነው። በካናሬጆ የአይሁድ ሰፈር በ1516 የተከለለ ሲሆን «ጌቶ» የሚለው ቃል ከዚያ ወጥቶ በዓለም ተሰራጭቷል፤ ከእስራኤል ለሚመጡ አንባቢዎቻችን ጥንታዊዎቹ ምኩራቦች ዛሬም በጉብኝት ይታያሉ። በየመንገዱ ባካሮ የሚባሉት ጠባብ የወይን ቤቶች አሉ፤ የሰፈሩ ሰው ባንኮ ላይ ቆሞ አንዲት ብርጭቆ ወይን እየጠጣ፣ ቺኬቲ የሚሉትን፣ በዳቦ ላይ የተደረገ የተመታ ደረቅ ዓሣ ወይም በሽንኩርትና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሰርዲን ይቀምሳል። ባንኮ ላይ ቆሞ መጠጣትን ከጣሊያን ለተማርን ለእኛ ይህ እንግዳ አይሆንም። በአንጻሩ በ1720 በተከፈተው በካፌ ፍሎሪያን፣ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ ተቀምጦ ቡና ማዘዝ ለቡናው ብቻ ሳይሆን ለሙዚቀኞቹም ጭምር ያስከፍላል፤ አንድ ጊዜ ቢሞከር አያስቆጭም፣ በየቀኑ ግን ሞኝነት ነው። የእነዚህ ሰፈሮች ጉድለት ደረጃ ነው፤ ድልድዮቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ደረጃ አላቸው፣ ብዙ አሮጌ ቤቶችም አሳንሰር የላቸውም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ይዞ ለሚሄድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሦስቱ ውጪ ለማንም የማልመክረው በየብስ በኩል ባለችው በሜስትሬ አድሮ ቀን ቀን እየተመላለሱ መጎብኘትን ነው። ቬኒስ የሚያጨናንቃት የቀን ጎብኚ ነው፤ አስተዳደሩም ከ2024 ጀምሮ በተወሰኑ ቀናት ከቀን ጎብኚዎች 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል፤ በ2025 ደግሞ ዘግይቶ ለሚመዘገብ ክፍያው 10 ዩሮ ሆኗል። ያ ሁሉ ሕዝብ አመሻሹ ላይ ወደ ባቡርና ወደ አውቶቡስ ሲመለስ የጠዋቱ ጩኸት የነበረበት መንገድ የራስን እርምጃ እስከ መስማት ድረስ ይረጋል። በቬኒስ ገንዘብ የሚገዛው ትልቁ ቅንጦት ይህ ምሽትና በማግስቱ ያለው ማለዳ ነው፤ ትንሿ የዶርሶዱሮ ክፍልም ታስገኘዋለች።

ጀልባው

ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮም ወይም ሚላኖ ደርሶ በባቡር ይቀጥላል፤ ከሚላኖ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሮም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ባቡሩ መምረጥ የሚገባው ለገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ደጃፍ ሲወጡ ከደረጃው በታች ያለው ካናል ግራንዴ ራሱ ነው። በአውሮፕላን ማርኮ ፖሎ ላይ የሚያርፍ ሰው ከ100 ዩሮ በላይ ከፍሎ የግል የጀልባ ታክሲ ቢይዝ፣ የሚያወጣው ገንዘብ የሚክሰው ሆቴሉ የራሱ የውኃ በር ካለውና ተሳፋሪዎቹ አራት ያህል ከሆኑ ነው።

ጎንዶላን በተመለከተ ብዙዎች የሚሳሳቱት ዋጋው በሰው ይመስላቸዋል። ይፋዊው ታሪፍ በጀልባ ነው፤ ቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ ሲሆን ምሽት ላይ 110 ይሆናል፣ እስከ አምስት ሰውም ይጭናል። ሁለት ሰው ሲሆን ውድ ነው፤ አምስት ቤተሰብ ሲሆን በነፍስ ወከፍ 18 ዩሮ ነውና የሚያስደነግጥ አይደለም። ከመሳፈር በፊት ጀልባውን ከኋላ ሆነው ይመልከቱት። ጠማማ ነው፤ አንዱ ቀዛፊ በቀኝ በኩል ብቻ እየቀዘፈ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የግራው ጎን ከቀኙ በ24 ሳንቲሜትር እንዲሰፋ ተደርጎ ይሠራል። መቅዘፊያው የሚያርፍባት ፎርኮላ የምትባለው እንጨትም መቅዘፊያው እንደ ፍጥነቱና እንደ አቅጣጫው እንዲያርፍባት ተብላ የተጠራረበች፣ ከቅርጻ ቅርጽ የማትተናነስ ሥራ ናት። ከቅዱስ ማርቆስ ፊት ለፊት ወረፋ ከመጠበቅ ይልቅ በሳን ፖሎ ሰፈር ጓሮ ካሉት ጸጥ ያሉ ቦዮች መሳፈር ይመረጣል።

የከተማው ነዋሪ ግን ከሠርግ ቀን በቀር በጎንዶላ ለሽርሽር አይሄድም። እሱ የሚሳፈረው ትራጌቶ በሚባለው፣ ሁለት ሰው በሚቀዝፈው ጀልባ ነው፤ ከሳንታ ሶፊያ ተነሥቶ ወደ ሪያልቶ የዓሣ ገበያ ለመሻገር ጎብኚ 2 ዩሮ ይከፍላል፣ ጉዞውም በደቂቃዎች ያልቃል። ገንዘቡን ለልማድ ማዋል የሚፈልግ ደግሞ ሦስተኛ አማራጭ አለው፦ ቆሞ የመቅዘፍን የቬኒስ ጥበብ በሚያስተምሩ ማኅበራት ዘንድ ትምህርት መውሰድ። በእኔ ግምት ይህ ከሁለት ጎንዶላ ይበልጣል፤ ክንድዎ ግን በማግስቱ ያስታውስዎታል።

ቀኑ

እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሚጎላው። ለሀብታም እንግዳ በብዛት የሚሸጠው ከምዕራቡ ጾም በፊት የሚከበረው የጭምብል በዓል፣ ካርኒቫል ነው፤ በቤተ መንግሥቶች የሚደረጉ የጭምብል ግብዣዎች መግቢያ ብቻ በመቶዎች፣ አንዳንዱም በሺዎች ዩሮ ይቆጠራል፣ የልብሱ ኪራይ ለብቻው ነው። ሆኖም የዛሬው ካርኒቫል ሪፐብሊኩ በ1797 ሲወድቅ ተቋርጦ፣ በ1979 እንደገና የተጀመረ ነው። በጾም ላይ ያለ አንባቢም አንድ ነገር ያስብ፤ የምዕራቡና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን በሚውልበት ዓመት የካርኒቫሉ መዝጊያ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ በቅድስት ሰሞን ላይ ይወድቃል።

ሬደንቶሬ የተባለው በዓል በጁላይ ሦስተኛው እሑድ ይከበራል፤ በ1575 ተነሥቶ በ1577 ያበቃው ወረርሽኝ እንዲያልፍ ለተሳለው ስእለት አርክቴክቱ ፓላዲዮ ቤተ ክርስቲያኑን ነደፈ፤ ዛሬም በዋዜማው ቤተሰቦች በጀልባ ላይ ተሰብስበው ይበላሉ፣ ሌሊቱን ርችት ይተኮሳል። ለዚህ ምሽት የግል ጀልባ መከራየት ከሆቴል ሰገነት እራት ይሻላል። ሬጋታ ስቶሪካ የተባለው የጀልባ እሽቅድድም በአውሮፓ አቆጣጠር በሴፕቴምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ ለእኛ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላና ከእንቁጣጣሽ በፊት መሆኑ ነው። ካናል ግራንዴን የሚያይ ክፍል ዋጋውን ሙሉ በሙሉ የሚክሰው በዚያን ቀን ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ኖቬምበር 21 የሚውለው የሳሉቴ በዓል ነው። በ1630 እና በ1631 ቬኒስን የመታው ወረርሽኝ እንዲቆም በስእለት የተሠራውን፣ ሎንጌና የነደፈውን ባለጉልላት ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም በካናል ግራንዴ ላይ ለዕለቱ ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋል፤ ሕዝቡም ከየሰፈሩ ሻማ ይዞ ይሻገራል። በደጃፉ ከተደረደሩት ሻጮች ሻማ ይገዛሉ፤ ውስጥ ሲገቡ ለአገልጋዮች ያቀብሉታል፣ እነሱ ያበሩታል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጪ ደግሞ ሕፃናት ፊኛና በስኳር የተነሰነሰ ጥብስ ሊጥ ይዘው ይጠብቃሉ። ይህ ቀን በአብዛኛው ዓመት የእኛ ኅዳር 12 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል፣ በ1918ቱ የኅዳር በሽታ ምክንያትም ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበትና ሰፈሩ የሚታጠንበት ቀን። ሁለት ሕዝብ፣ የማይተዋወቅ ወረርሽኝ፣ አንድ ቀን። በዕለቱ የሚበላው ካስትራዲና የተባለው፣ ጨው የተነካና የተጨሰ የበግ ሥጋ ከጥቅል ጎመን ጋር የሚቀቀልበት ሾርባ ነው፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ፣ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር ጾመኛም ይቀምሰዋል። በኖቬምበር የሆቴል ዋጋ ከሞቃቱ ወቅት በእጅጉ ይወርዳል። ወቅቱ ባሕሩ የሚሞላበት ቢሆንም ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ሞዜ የተባሉት የባሕር መዝጊያዎች ከፍተኛውን ሙላት ያግዱታል፤ ዝናብና ጭጋግ ግን አይቀሬ ነው።

ግዢው

የሙራኖ መስታወት ለመግዛት ከሆቴል ወደ ደሴቱ በሚቀርብ «ነጻ» ጀልባ አይሂዱ፤ የጀልባው ዋጋ በዕቃው ላይ ተጨምሮ ይከፈላል። በራስዎ፣ ቫፖሬቶ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ይሂዱና «ቬትሮ አርቲስቲኮ ሙራኖ» የሚለውን ምልክት ይፈልጉ። የቡራኖ ደሴት ዳንቴል በአገራችን ሶፋ ላይ እንደምናውቀው በኪሮሽ የሚሠራ አይደለም፤ በመርፌና በክር ብቻ፣ በሳምንታት የሚያልቅ ስለሆነ በርካሽ የሚሸጠው የማሽን ነው። ከሁለቱ አንዱን ካሉኝ ትንሽዬ የመስታወት ብርጭቆ እመርጣለሁ።

ከአገራችን ጋር የሚያያዘው ትልቁ ቅርስ ግን አይገዛም። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ነብሮችን ይዘው ቬኒስ ደርሰው ነበር፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ መነኩሴው ፍራ ማውሮ የሣለው የዓለም ካርታም የኢትዮጵያ ክፍሉ የተሞላው ከኢትዮጵያውያን ካህናት በሰማው ነው። ካርታው በማርቻና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ስለተሣለ አገራችንን ከላይኛው ክፍል ይፈልጓት።

ሁለት ሰው ለአራት ሌሊት ቢያማክረኝ እንዲህ እለዋለሁ፦ ኖቬምበር 18 ይግቡ፣ ሦስት ሌሊት በዶርሶዱሮ ከሳሉቴ በእግር በሚደረስ ትንሽ ሆቴል ይደሩ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ካናል ግራንዴን በሚያይ ክፍል ያድርጓት፤ የዚያን ክፍል ቁጥርም አስቀድመው በጽሑፍ ያስይዙ።