ለሻዶዊንግ ውጭ ለመሄድ፦ የኤጀንሲ ፓኬጅ ወይስ የተማሪ ልውውጥ?

ሰሞኑን ኢንቦክሴ የሚገባው ጥያቄ ሁሉ አንድ አይነት ነው፣ "ውጭ ሄጄ ሆስፒታል ውስጥ ሻዶው ማድረግ ፈልጌ አንድ ኤጀንሲ አገኘሁ፣ ልክፈል ወይ?" ሻዶው ማድረግ ማለት ሀኪም ሲሰራ አጠገቡ ሆኖ ማየት ነው። የኔም መልስ አንድ ነው። ሜዲካል ስኩል ውስጥ ካላችሁ አትክፈሉ፣ በተማሪ ልውውጥ ሂዱ። ገና ካልገባችሁ ክሬዲት በሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ሂዱ። ኤጀንሲ ሁለቱም እምቢ ሲሉ ነው የሚታሰበው።

ከገንዘቡ እንጀምር፣ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ስለሆነ። ኤጀንሲው ዌብሳይቱ ላይ በትልቁ የሚለጥፋት ቁጥር ማደሪያና "ፕሌስመንት" የሚሏት፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ መመደቢያዋ ብቻ ናት። ትኬቱ የለበትም፣ ቪዛው የለበትም፣ ክትባቱ የለበትም፣ ከኤርፖርት መቀበያውን ለብቻው የሚያስከፍሉም አሉ። ሸንገን ሀገር (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገራት አንዱ) ከሆነ የቪዛ ማመልከቻው ከፈረንጆቹ ጁን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ላዩ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። አሜሪካ ከሆነ ማመልከቻው ብቻ 185 ዶላር። ሁለቱም ቢከለከሉ አይመለሱም። ሄፓታይተስ ቢ ያልተከተበ ሰው ደግሞ የተለመደው መርሃ ግብር ሶስት ዶዝ ነው፣ ከመጀመሪያው በኋላ በአንድ ወርና በስድስት ወር፣ ስለዚህ ሁለት ወር ሲቀረው የተነሳ ሰው ወይ ሳይጨርስ ይሄዳል ወይ በተፋጠነው መርሃ ግብር ይሯሯጣል።

ይሄ ሁሉ ግን ከሪፈንዱ ጉዳይ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ብዙ ኤጀንሲዎች ቪዛ ከመታየቱ በፊት ሙሉ ክፍያ ይፈልጋሉ። አንድ ጓደኛዬ እንደዛ ከፍሎ፣ ኤጀንሲው የግብዣ ደብዳቤ በራሱ ሌተርሄድ ጽፎ ላከለት፣ ኢንተርቪው ላይ "የሆስፒታሉ ደብዳቤ የታለ?" ተባለ፣ የለም፣ ተከለከለ፣ ገንዘቡን ሲጠይቅ "ወደሚቀጥለው ዙር እናዛውርልሃለን" አሉት። ቪዛ ለሌለው ሰው የሚቀጥለው ዙር ምን ይሰራለታል? ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር በጽሁፍ አስፍሩ፣ ቪዛ ቢከለከል ስንት ይመለሳል የሚለውን። በስልክ የተባለ ነገር ዋጋ የለውም።

ልውውጡ ጋ ስንመጣ፣ አይኤፍኤምኤስኤ የሚባለው የህክምና ተማሪዎች ማህበራት ፌዴሬሽን ከ1951 ጀምሮ ያለ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ አሰራሩም ቀላል ነው። ከናንተ አንድ ተማሪ ይሄዳል፣ ከነሱ አንድ ይመጣል። ተቀባዩ ማደሪያና ቢያንስ በቀን አንድ ምግብ ያዘጋጃል፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ነው፣ እናንተ የሀገራችሁ የህክምና ተማሪዎች ማህበር የሚጠይቀውን ክፍያ፣ ትኬት፣ ቪዛና ኢንሹራንስ ከኪሳችሁ ትሸፍናላችሁ። መሀል ላይ የሚያተርፍ ሰው የለም፣ ዋጋው የሚወርደውም ለዛ ነው። ስኮፕ የሚሉት ክሊኒካሉ ነው፣ ስኮር የሚሉት ሪሰርቹ። ፎርም ስትሞሉ ይሄን አስተውሉ፣ ዋርድ እገባለሁ ብሎ ስኮር ሞልቶ ወሩን ላብ ውስጥ ፒፔት ይዞ የጨረሰ ልጅ አውቃለሁ።

እውነቱን ለመናገር ልውውጡም ራስ ምታት አለው። ቦታው ትንሽ ነው፣ ውድድር አለ፣ የምትፈልጉትን ዲፓርትመንት ሳይሆን የተገኘውን ልትመደቡ ትችላላችሁ፣ የሚያስተባብሩት ራሳቸው ተማሪዎች ስለሆኑ ፈተና ላይ ሲሆኑ ኢሜይል የሚመልስ ይጠፋል። ግን ዶክተሩ ስማችሁን ያውቃል። ኤጀንሲ ጋ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው በአንድ ሀኪም ላይ አንድ መንጋ ተማሪ ለቆ፣ መጨረሻ ላይ "ይህን ያህል ሰዓት" የሚል የሚያምር ሰርተፊኬት ማደል ነው። እኔ በግሌ ከዛ ሰርተፊኬት ይልቅ የሚያውቃችሁ ሀኪም የጻፋት አጭር ሪከመንዴሽን ትበልጥብኛለች።

ቋንቋ የሚባለውን ነገር ብሮሹሩ ላይ አታገኙትም። ዶክተሩ እንግሊዝኛ ይችል ይሆናል፣ በሽተኛው ግን የሚያወራው በሀገሩ ቋንቋ ነው፣ ሀኪሞቹ በሽተኞቹን እየዞሩ የሚያዩበት ራውንዱም እንደዛው። ሂስትሪ ሲወሰድ (በሽተኛው ስለ ህመሙ ሲጠየቅ) ካልገባችሁ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ወንበር ናችሁ። ስለዚህ ርካሽ ሀገር ከመምረጥ የሚገባችሁ ቋንቋ ያለበትን ምረጡ፣ አለበለዚያ ምስልና ስላይድ የሚበዛበት ክፍል ጠይቁ፣ ራዲዮሎጂ ወይ ፓቶሎጂ አይነት፣ እዚያ እያሳዩ ስለሚያወሩ ቢያንስ የሚታይ ነገር አለ።

ሁሉም ሰው ደግሞ ኦፕሬሽን ክፍል መግባት ይፈልጋል። ገባኝ፣ ፎቶው ያምራል። የሀገሩን የጤና ሲስተም ለማየት ከሆነ ግን እዚያ ውስጥ የሚታየው የሰርጅኑ ጀርባ ነው፣ ትርፍ አንጀት ደግሞ የትም ሀገር ያው ትርፍ አንጀት ነው። ልዩነቱ ያለው መግቢያው በር ላይ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የተመዘገበበት የቤተሰብ ሀኪም አለው፣ ስፔሻሊስት ጋ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሱ ሪፈራል ነው። ጀርመን ውስጥ ከ1883 ጀምሮ የመጣ የህመም ኢንሹራንስ አለ፣ በሽተኛው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ስፔሻሊስት ጋ መሄድ ይችላል። እንግሊዝ ከ1948 ጀምሮ በግብር ነው የሚያሳክመው። ይሄን ለማየት አንድ ሳምንት የቤተሰብ ሀኪም ክሊኒክ መቀመጥ ከአንድ ወር ኦፕሬሽን ክፍል ይሻላል፣ ኤጀንሲዎቹ ግን ስለማይሸጥላቸው መሰለኝ ሲያቀርቡት አላይም።

ሜዲካል ስኩል ያልገባችሁ፣ ልውውጡ ለናንተ አይሆንም። ለናንተ የሚሆነው ዴንማርክ ያለው የውጭ ተማሪዎች ፕሮግራም፣ ዲአይኤስ ኮፐንሃገን አይነቱ ነው፣ ከ1959 ጀምሮ ያለ፣ የህክምና ኮርሶቹን በስራ ላይ ያሉ ሀኪሞች የሚያስተምሩበት። ዋጋው ያስደነግጣል፣ አልዋሽም። ግን ዩኒቨርሲቲያችሁ ክሬዲቱን ከተቀበለ ያን ሴሚስተር ለማንኛውም ልትከፍሉ ነበር፣ የሚቆጠረው ልዩነቱ ብቻ ነው። የኤጀንሲ ሳምንታት ግን ከላይ የሚጨመሩ ናቸው፣ ትራንስክሪፕት ላይም አይገቡም።

አንድ ቃል ካያችሁ ሽሹ፣ "ሃንድስ ኦን"፣ በገዛ እጃችሁ ታክማላችሁ ማለታቸው ነው። ሀገራችሁ ላይ እንድትሰፉ የማይፈቀድላችሁን ቁስል ሌላ ሀገር ሄዳችሁ መስፋት የምትችሉበት ምክንያት የለም፣ የአሜሪካ ሜዲካል ኮሌጆች ማህበርም በ2011 ባወጣው መመሪያ ተማሪዎችን ከዚህ አስጠንቅቋል። እንግሊዝ በቪዚተር ቪዛ የተመረቀ ሀኪም ክሊኒካል አታችመንት (ሆስፒታል ውስጥ ስራውን እየተከታተሉ ማየት) ሲገባ ራሱ በሽተኛ ማከም አይፈቀድለትም። በሽተኛ ላይ የዋለ መርፌ ቢወጋችሁስ? ለኤችአይቪ የሚሰጠው መከላከያ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን የሚወሰድ ነው፣ ርካሹ የጉዞ ኢንሹራንስ ይሸፍነው አይሸፍነው ማንም አያነበውም።

ፌኮቹ ደግሞ በዝተዋል። የታወቀ ሆስፒታል ሎጎ ገልብጠው ይለጥፋሉ፣ የአይኤፍኤምኤስኤን ስም የሚመስል ስም ያወጣሉ፣ ክፍያው በግለሰብ አካውንት ነው። ማጣሪያው ነጻ ነው፣ የሆስፒታሉን የትምህርት ክፍል ኢሜይል ከራሱ ከሆስፒታሉ ዌብሳይት ፈልጋችሁ "ከነዚህ ሰዎች ጋር ትሰራላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጻፉ። ኤጀንሲው በሰጣችሁ ኢሜይል እንዳትጽፉ ብቻ።

ሁለቱም መንገድ ተዘግቶባችሁ ኤጀንሲ ብቻ ከቀረ፣ ዲፖዚት ሳትልኩ እነዚህን ጠይቁ፦ የማንኛው ሆስፒታል የትኛው ዲፓርትመንት ነው፣ በአንድ ሀኪም ስር ስንት ተማሪ ይመደባል፣ የግብዣ ደብዳቤውን የሚፈርመው ማነው። "ስትመጡ እንነግራችኋለን" ካሏችሁ ገና ሆስፒታል አልያዙም ማለት ነው፣ ገንዘባችሁን ያዙ።